ከደሴት ደሴት እስከ ዩንየን

ኪንግስታውን፣ ሴንት ቪንሰንት
ጃንዋሪ 11 ቀን 1999

ለወንድሜ ለአልባን፤

ሰላም ለአንተ፣ ለቤትህ፣ በደጅህም ለሚያልፍ ሁሉ ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። የእጅ ጽሑፌን ስታይ ወንበር ስበህ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሆነን። እናታችን ስትሞት የላክሁልህ ቴሌግራም እንኳ ስድስት ቃል ነበር፤ ስድስቱም ደረቅ።

ባለቤቴ ኔቪል ባለፈው ሴፕቴምበር ዐረፈ። አልቅሼ ቀበርኩት። እሱ በሕይወት ሳለ በዚህ ቤት ያንተ ስም አይነሳም፣ የልጃችንም ስም አይነሳም ነበር። እሱ ከሄደና ቤቱ ጭር ካለ ወዲህ ግን ሲልቫን በህልሜ ይመጣ ጀመር። ያው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አላደገም። «እማ፣ ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ ቆሜ ነው የማየው» ይለኛል። አንተ የካሪያኩ ሰው ነህ፤ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልግህም። የመቃብር ድንጋይ አላቆምንለትም፤ የሙት ድግሱንም አልበላም። ሬሳው አልተገኘም፣ መቃብር የለውም ብለን ተውነው። መቃብር ባይኖረው ስም የለውም እንዴ? በእናታችን አጠገብ ይቁምለት። ከበሮው ይመታለት፣ ሳህኑም ይቅረብለት።

እኔም እመጣለሁ። ልጄ ከሰጠመበት ቀን ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ገበያ ስሄድ እንኳ ባሕሩን ላለማየት በላይኛው መንገድ ነው የምዞረው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ አልችለውም። በፖስታ መርከቧ ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ ከደሴት ደሴት፣ ዘመድ ቤት እያደርኩ ልምጣ ብያለሁ፦ መጀመሪያ ቤክዌይ ሄዘል ዘንድ፣ ከዚያ ካንዋን የኔቪል እህት ልጅ ዘንድ፣ ማይሮ ላይ እግሬን አፍታትቼ፣ ዩንየን ላይ የክርስትና እናቴ ልጅ ኦርዴሊያ ዘንድ። ከዩንየን ወደ አንተ የሚሻገረው ጀልባ ምን ቀን እንደሆነ ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለእሱ ነው። ያን ጊዜ ወደቡ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ገዳይ!» ብዬሃለሁ። ፊትህ ላይም ተፍቻለሁ። ባሕር የወሰደውን በአንተ ላይ ጣልኩት። ሐዘን አፌን ነጠቀኝ ብል ሰበብ ነው። ይቅር በለኝ፣ ወንድምዓለም።

እህትህ ኡርሱላ


ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1999

ለውድ እህቴ ለኡርሱላ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የኔቪልን ነፍስ ይማር። ጠባዩ ጠጣር ቢሆንም ቀጥ ያለ ሰው ነበር።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ አልተሳሳትሽም።

አሁን በባሕሩ ነገር ስሚኝ። በዚህ ወር እንዳታስቢው፤ የገና ነፋስ ገና አልበረደም፤ ቤክዌይ ሳትደርሺ ነፍስሽን ትተፊያለሽ። ከፋሲካ በኋላ ውሃው ይተኛል። መርከቧ ሰኞና ሐሙስ ትወጣለች። ከፊት እንዳትቀመጪ፤ ከመሃል ወደ ኋላ፣ ንፋስ በሚያገኝሽ በኩል ሁኚ። ዝንጅብልና ደረቅ ብስኩት ያዢ። ባዶ ሆድ ነው ሰውን የሚያዋርደው። ዩንየን ላይ ፓስፖርትሽን ማስመታት እንዳትረሺ፤ እኛ ከግሬናዳ ነን፤ ባንዲራችን ሌላ ነው፤ ፖሊሶቹ ዘመድ አያውቁም። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት የኦርዴሊያ ልጅ ካርልተን በሞተር ጀልባው ያሻግርሻል፤ አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሄዘል ዘንድ ከሁለት ቀን በላይ አትክረሚ። የሷ ምላስ ከመርከቧ ቀድሞ ዩንየን ይደርሳል፤ የሌለሽን በሽታ ሁሉ አውርታ ትጠብቅሻለች።

ለድንጋዩ ከዴንዚል ግንበኛው ጋር ተነጋግሬያለሁ። ለሲልቫን ነው ስለው «የእጄን አትክፈለኝ» አለኝ። ሁለት ፍየልና አንድ ሙክት በግ አስሬያለሁ። እማማ ፊሎም የርግብ አተሩንና የበቆሎ ገንፎውን እኔ ነኝ የምሠራው ብላ ሰውን ሁሉ ቀድማ ተቆጥታለች። ቀኑን ቅዳሜ ኤፕሪል 24 ብለነዋል። የልጁን ሙሉ ስምና የተወለደበትን ቀን በትልልቁ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሲሚንቶ ላይ የተሳሳተ አይሰረዝም።

ስለ ይቅርታው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

ወንድምሽ አልባን


ኪንግስታውን
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1999

ለወንድምዓለም አልባን፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት፤ ስለ ሄዘል ያልከው ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቴ «ኡርሱላ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ በመስኮት ብቅ አለች።

ስሙ ሲልቫን ጄሮም ኦሊቪየር ነው። የተወለደው ማርች 2 ቀን 1961። አንድም ፊደል እንዳያጎድሉብህ።

«አንብቤዋለሁ» ብቻ ነው ያልከኝ። ዱሮም ቃል ከአንተ አፍ በመንጠቆ ነው የሚወጣው። በአፍህ ስትነግረኝ እሰማዋለሁ።

ትኬቱን ጠይቄያለሁ፤ ኤፕሪል 12 ሰኞ እነሳለሁ። ሄዘል ከአሁኑ «ለሦስት ሳምንት ነው የምትመጪው» እያለች ትጣላኛለች። «ሦስት ቀን ነው» ብላት፣ «ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ ወንበር ልታሞቂ?» አለችኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጓሮዬ ያለውን ነጭ አበባ ቆርጬ ይዤ እመጣለሁ። ልጄ የወደቀበት ውሃ ላይ ልጥለው እፈልጋለሁ። የት እንደሆነ በደንብ ነግረኸኝ አታውቅም፤ እኔም ልስማህ አልፈለግኩም ነበር። ለፖሊስ በሰጠኸው ቃል «ከዩንየን ወደ ካሪያኩ ስንሻገር ድንገተኛ ነፋስ መታን» ይላል። ወረቀቱን አሁንም ይዤዋለሁ። ካርልተን ጀልባውን እንዲያቆምልኝ ቦታውን በምልክት ጻፍልኝ፦ ከየትኛው ቋጥኝ በየት በኩል? ከባሕሩ ዳርስ ምን ያህል ይርቃል?

እህትህ ኡርሱላ


ዊንድዋርድ
ማርች 22 ቀን 1999

ለእህቴ ለኡርሱላ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። አንዴ ጽፌ ጨርሼ መርከቧ አመለጠችኝ።

ድንጋዩ ተሠርቷል፤ ስሙም በትክክል ተጽፏል። አሁን እንደ ልማዳችን በእናታችን ክፍል፣ አልጋዋ ላይ፣ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ሰዎች እየገቡ ይሰናበቱታል።

የጠየቅሽው ቦታ በመንገድሽ ላይ አይደለም። ወደ ግሬናዳ በኩል ነው፣ ከካሪያኩ በታች፤ ውሃው ክፉ ነው፤ ትንሽ ጀልባ አይደፍረውም። አበባውን እዚሁ እኛ ዳርቻ ብትጥይው ባሕሩ አንድ ነው፤ ይደርሰዋል።

ደግሞም ሳስበው ይሄ ከደሴት ደሴት መንከራተት ለጉልበትሽ ጥሩ አይደለም። ትንሿ አውሮፕላን አለች አይደል? ከቤትሽ ተነስተሽ በግማሽ ሰዓት እዚህ ነሽ። ትኬቱን እኔ ልቁረጥልሽ። እባክሽ በአውሮፕላኗ ነይ።

አልባን


ኪንግስታውን
ማርች 30 ቀን 1999

አልባን፣ እንደምን አለህ?

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ መርከቧ ልትነሳ ነው።

ለፖሊስ «ዩንየንና ካሪያኩ መካከል» ብለሃል። ለእኔ «ወደ ግሬናዳ በኩል» አልከኝ። ወንድሜ፣ ዱሮ እያንዳንዱን ቋጥኝ በስሙ የምታውቅ ሰው ነህ።

ትናንት ትኬቴን ልቀበል ወደብ ወረድኩ። አዎ፣ በታችኛው መንገድ፤ ባሕሩን እያየሁ። የመርከቧ ሞተረኛ ሽማግሌው ኤግበርት ማን እንደሆንኩ ሲያውቅ ባርኔጣውን አወለቀ። «ያን ቀን አልረሳውም፤ ልጄ ዩንየን ላይ ክርስትና የተነሳችበት ቀን ነው» አለኝ። «ነፋሱ እንዴት ነበር?» አልኩት። «የምን ነፋስ? ባሕሩ ዘይት ፈስሶበት ነበር የሚመስለው። ከልጆቼ ጋር ስንዋኝ ነው የዋልነው።»

ቤቴ ስገባ ለፖሊስ የሰጠኸውን ቃል አውጥቼ እንደገና አነበብኩት።

ሰክረህ ነበር? ሰክረህ ከሆነ ንገረኝ። ተኝተህም ከሆነ ንገረኝ። በወጣትነቱ ያልጠጣ ያገሬ መርከበኛ የለም። ይቅር ብዬሃለሁ፤ በእናታችን ይሁንብኝ። ብቻ አትዋሸኝ። በአውሮፕላን አልመጣም። ኤፕሪል 19 ዩንየን እደርሳለሁ። ደብዳቤህ ኦርዴሊያ ቤት ይጠብቀኝ።

ኡርሱላ


ካንዋን
ኤፕሪል 16 ቀን 1999

ለወንድምዓለም አልባን፤

ሰላም ነው? ይሄን የምጽፍልህ እግሬን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። እህትህ ባሕር ተሻገረች! ሁለት ደሴት!

ከኪንግስታውን ስንወጣ የመርከቧን ብረት በሁለት እጄ ያዝኩት። አጠገቤ ዶሮ በቅርጫት የያዘች ወፍራም ሴትዮ ነበረች። «እናቴ፣ ልቀቂው፤ መርከቧን ያንሳፈፍሻት አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። «አልለቅም» አልኳት። «እንግዲያው ዶሮዬን ያዢልኝና በአንድ እጅሽ ያዢው።» ዶሮዋን አቀፍኩ። ስትሞቀኝ ጊዜ ማልቀሴን አቆምኩ።

ሄዘል ቤክዌይ ላይ አንተ እንዳልከው በሽታ አዋጥታልኛለች፤ ስኳር፣ ደም ብዛትና አንድ ስሙን ያላወቅሁት። እዚህ ካንዋን ሰው ሁሉ ወደቡ ላይ በሐዘን ፊት ተቀበለኝ። አንተ ስትሰማ በሳቅ ትሞታለህ።

ትናንት ወደዚህ ስንመጣ ግን ብረቱን አልያዝኩትም። ከኋላ ተቀምጬ ውሃውን አየሁት። ሲልቫን «አጎቴ ባሕሩን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል» ይል የነበረው ትዝ አለኝ። ያን ክረምት ወደ አንተ እንዲሄድ ኔቪል አልፈቀደም ነበር፤ እኔ ነኝ ለምኜ ያስፈቀድኩለት። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተን «ገዳይ» ስልህ ራሴን ነበር የምሰድበው።

በመጨረሻው ደብዳቤዬ አስጨንቄህ ከሆነ ተወው። ምንም ብትለኝ ቅዳሜ አንተ ዘንድ ነኝ። አበባዬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አልጠወለገም። ለእማማ ፊሎ ገንፎው ላይ ጨው እንዳታበዛ ንገርልኝ።

እህትህ ኡርሱላ


ዊንድዋርድ
ኤፕሪል 15 ቀን 1999
በኦርዴሊያ በኩል፣ ዩንየን

ኡርሱላ፤

ይሄን ስጽፍ ሰላምታ አላስቀድምም፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ሰላምታዬን የምትፈልጊው አይመስለኝም።

አልሰከርኩም ነበር። አልተኛሁምም። ብሰክር በተሻለኝ።

ከሴንት ባርትስ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዊስኪ ጭነን ስንመለስ ነበር። ያኔ ዊንድዋርድ ውስጥ ያልጫነ የለም፤ ታውቂያለሽ። ሳጥኖቹን ከዓሣው በረዶ ሥር ደብቀናል። ሁለቱ ረዳቶቼ ለክርስትናው ድግስ ዩንየን ወረዱ። እኔና ሲልቫን ብቻ ቀረን። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ፣ ነፋስ የለም፤ በሞተር ነው የምንሄደው። ካሪያኩ ፊት ለፊታችን ይታያል፤ የቤታችን ጣሪያ እንኳ ይታያል። ሸራው ስናወርደው ምሰሶው ላይ ተያዘ፤ ሲልቫን ሊፈታው ወጣ፤ እግሩ አዳለጠውና ውሃው ውስጥ ወደቀ። ብቅ ሲል እየሳቀ ነበር። «አጎቴ፣ ና አንሳኝ!» አለኝ። ዋናተኛ ነው፤ እኔም ሳቅሁበት።

ልዞር መሪውን ስይዝ የጉምሩክ ጀልባ ከዩንየን ጫፍ ዞራ ስትመጣ አየሁ። ብቆም «ምን ሆነ?» ብለው ይመጣሉ፤ ከመጡ ይፈትሻሉ። ጀልባዬን ይወርሱብኛል፤ እታሰራለሁ። ልጁ ይዋኛል፣ አሥር ደቂቃ ምን አላት፣ ይለፉና እመለሳለሁ አልኩ። መሪውን መለስኩት። ለጭንቅ ጊዜ የምንነፋው ዛጎል እግሬ ሥር ነበር፤ ብነፋው ከእኔ ቀድመው ይደርሱለት ነበር። አልነፋሁም። ሲያልፉ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም አውለበለብኩላቸው።

ሲርቁ ተመለስኩ። በዚያ መሃል ከሥር የሚስብ ውሃ አለ፤ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ባርኔጣውን ብቻ አገኘሁ። እስኪመሽ ዞርኩ።

ቦታው ከዩንየን ወደብ ወጥታችሁ መንገዱን እኩል ስታደርጉት ነው። የእናታችን ቤትና የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል በአንድ መስመር ሲሆኑ።

ዊስኪውን ሸጥኩት። ለፍትሐቱ የላክሁልሽ ገንዘብ ከዚያ ነው።

በጃንዋሪ ይቅርታ ስትጠይቂኝ ሃያ አንድ ዓመት የተሸከምኩት ነገር እላዬ ላይ ወደቀ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። እንድትመጪ ፈለግኩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ዱሮው ደጄ ላይ እንድትቀመጪ ፈለግኩና ዝም አልኩ። ምንም አልለምንሽም።

አልባን


ዩንየን
ኤፕሪል 26 ቀን 1999

ለአቶ አልባን፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ኦርዴሊያ ስትሰጠኝ ከነእቃዬ በራፏ ላይ ቆሜ ነበር። እዚያው ቆሜ ጨረስኩት። ከዚያ አራት ቀን ከክፍሏ አልወጣሁም፤ እሷም ምን ሆንሽ አላለችኝም። ምግብ አኑራ ትሄዳለች፤ መጥታ ታነሳዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ካርልተንን አስነሳሁት። ክፍት ጀልባ ናት፤ ውሃው እጄ ሥር ነበር። አልፈራሁም። የምፈራው ነገር ከባሕሩ ውስጥ እንዳልነበረ ገባኝ። ያሉኝን ምልክት እያየሁ ሄድን። ቤቱና መስቀሉ አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ «አቁም» አልኩት። ሞተሩን አጠፋው።

ከዚያ ቦታ ሁሉ ነገር ይታያል። የልብስ ማስጫው ገመድ ሳይቀር ይታያል። ልጄ የእናቴን ቤት እያየ ነው የሞተው።

አበባውን ጣልኩ። ወዲያው ውሃው ሳበው፤ እርስዎ እንዳሉት ነው። ወደቡ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይታየኝ ነበር፤ ነጭ የለበሱት ሴቶች፣ ከበሮዎቹም። ካርልተን ጥቂት ጠብቆ፣ «እማማ ኡርሱላ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን። ልቀጥል?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። «ቀጥል» ልለው ነበር፤ እውነቴን ነው። «መልሰኝ» የሚል ቃል ወጣ።

ቢሰክሩ ይቅር ብዬ ነበር። ቢተኙ ይቅር ብዬ ነበር። ያወለበለቡትን እጅ ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። በጃንዋሪ የጻፍኩትን ደብዳቤ መልሰው ይላኩልኝ። እዚያ ውስጥ የጠየቅሁት ይቅርታ የእኔ ነው።

ነገ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ደሴት ላይ ሳልወርድ፣ በአንድ ጉዞ።

ኡርሱላ ኦሊቪየር


ዊንድዋርድ
ሜይ 10 ቀን 1999

ለኡርሱላ፤

የጃንዋሪ ደብዳቤሽ ከዚህ ጋር አለ። አላቆሸሽኩትም።

ድንጋዩ እንዴት እንደቆመ ማወቅ ይገባሻልና ልንገርሽ። ቅዳሜ ሁላችንም ወደቡ ላይ ነበርን። ጀልባዋ ከዩንየን ስትወጣ ሴቶቹ ዘፈን ጀመሩ። መሃል ላይ ስትቆም ዴንዚል «ሞተር ተበላሽቶባቸው ነው፤ ሰው እንላክላቸው» አለ። ከዚያ ስትዞር አየን። ዘፈኑ ቆመ። «ምነው? ምን አግኝቷት ነው?» እያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ነገርኳቸው። ለአንቺ እንደጻፍኩት፣ ዊስኪውንም፣ ዛጎሉንም፣ እጄንም። ማንም አልሰደበኝም። ዴንዚል ባርኔጣውን አድርጎ ጀርባውን ሰጠኝ። ድንጋዩን ወንዶች ናቸው የሚሸከሙት፤ የዚያን ቀን ሴቶቹ «አንድም ወንድ እንዳይነካው» ብለው እነሱ ተሸከሙት። ከእናታችን አጠገብ አቆሙት፤ የሮም አረቄውንና ውሃውን አፈሰሱለት። ከበሮው እስከ ማታ ተመታ። ሳህኑን አቀረቡለት፤ ሙሉ ነበር፤ ከማንም ሳህን በፊት። እኔ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነው ያየሁት። ግባ ያለኝ የለም፤ ልገባም አልሞከርኩም።

ሰው ሲበተን እማማ ፊሎ አጥሩ ዘንድ መጣች። «መሪውን ስትመልስ ልጁ ይጠራህ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም» አልኳት።

«ቆጥረሃል» አለችና ሄደች።

ቆጥሬያለሁ። ለእሷ መንገር አልቻልኩም፤ የእሷም አይደለም፤ ያንቺ ነው። አራት ጊዜ ነው። ሦስቴ እኔን ጠራ። አራተኛው አንቺን ነበር።

አልባን